ያሰመርንበት መስመር የማን ነው?

ይድረስ፦ ለኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት አሳታሚዎችና ሻጮች፣ እንዲሁም ለማንበቢያ መሣሪያና መተግበሪያ ሠሪዎች

ጉዳዩ፦ የተገዛ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ፣ በተለይም አንባቢው በላዩ ያሰፈረው ማስታወሻ፣ መሣሪያ ሲለወጥ ወይም መደብር ሲዘጋ ከአንባቢው ጋር እንዲቆይ ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ደንበኛችሁ ሆኜ ነው። መጻሕፍት የምገዛው በስልኬና በታብሌቴ ነው፤ የማነበውም ወረፋ ስጠብቅ፣ አውቶቡስ ላይ በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ በሌላው እየገለጥኩ፣ ሌሊት ደግሞ ቤተሰቡ ሲተኛ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጌ ነው። በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ጉዳይ ዘወትር የሚነሣው ክርክር ወረቀት ይበልጣል ወይስ ስክሪን የሚለው ነው። እኔ ይህን ክርክር ከተውኩት ቆይቻለሁ፤ ሁለቱንም እንደየአመቺነታቸው አነባለሁ። የማነሣው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የሚመለከት ነው። በእጅ መሣሪያ ማንበብ የዕለት ተዕለት ልማድ ከሆነና መሣሪያው ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ የሚለወጥ መሆኑን ሁላችንም ካወቅን፣ የተገዛው መጽሐፍና በመጽሐፉ ላይ ያሰፈርነው ሐሳብ ከመሣሪያው ወይም ከመደብሩ ጋር አብሮ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው?

በኪስ በሚያዝ ኮምፒውተር ማንበብ ስማርት ስልክ ይዞት የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ የቀረበው የፓልም ፓይለት አነስተኛ ሞዴል የነበረው ማኅደረ ትውስታ 128 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ስክሪኑ በአግድም 160፣ በቁመትም 160 ነጥቦች ብቻ ሲኖሩት፣ የሚሠራውም በሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋዮች ነበር። ያም ሆኖ ሰዎች ከጠረጴዛ ኮምፒውተራቸው በኬብል ጽሑፍ እያሻገሩ ረጃጅም ልቦለዶችን አንብበውበታል። በዚያ ዘመን ነጻ ጽሑፍ ከሚገኝባቸው ምንጮች ዋነኛው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ሲሆን፣ ይህም ማይክል ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ላይ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ በመተየብ የጀመረው ሥራ ነው። ከዚያ የወጡት ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ዛሬም በየትኛውም ስልክ ላይ ይከፈታሉ። በአንጻሩ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ሪደር የተባለ ማንበቢያ በ2012 ተቋርጧል፤ ለእርሱ ተብሎ በቁልፍ ታሽጎ የተሸጠ መጽሐፍ ዛሬ በምንገዛው ስልክ ላይ እንዲከፈት ኩባንያው ያቀረበው መተግበሪያ የለም። ከሁለቱ ፋይሎች ሽማግሌው እየተነበበ ወጣቱ ተዘግቶ መቅረቱ የቴክኖሎጂ ማርጀት ያመጣው አይደለም፤ ያረጀው መቆለፊያው ነው።

መቆለፊያው የሚሠራበትን መንገድ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ይህን ደብዳቤ የሚያነበው ሌላው ሰው ግን ላያውቀው ስለሚችል ባጭሩ ልግለጸው። የሚሸጥልን ፋይል ውስጡ በምስጢራዊ ኮድ የተለወጠ ነው። መፍቻው ከገዢው አካውንት ወይም ከመሣሪያው መለያ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ መተግበሪያውም መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት ፈቃድ መኖሩን ከሻጩ ሰርቨር በተቀበለው መረጃ ያረጋግጣል። ስለዚህ ፋይሉ ስልኬ ውስጥ መኖሩ ብቻውን መጽሐፉ በእጄ ነው አያሰኝም፤ ቤት ገዝቶ ቁልፉን ከሻጩ እየተዋሱ እንደ መግባት ያለ ነገር ነው። አንባቢ ይህን የሚረዳው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ሳለ ነው። አዲስ ስልክ ተገዝቷል፣ መጻሕፍቱም ከነሽፋናቸው በመደርደሪያው ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ ጉዞ ተጀምሮ ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ አንዱን ሲነኩት ግን «እባክዎ እንደገና ወደ አካውንትዎ ይግቡ» የሚል መልእክት ብቅ ይላል። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ፋይሉ ወርዷል፣ ለማንበብ የሚሆን ጊዜም ተገኝቷል፤ የጎደለው የሻጩ ይሁንታ ብቻ ነው።

ይህን ስል ደራሲው ሳይከፈለው ይቅር፣ አሳታሚውም ይክሰር ማለቴ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይያዝልኝ። መጽሐፍ የሚሠራው በድካም ነው፤ ለድካሙም ዋጋ እከፍላለሁ። መቆለፊያው የሚከላከለው ሕገወጥ አባዥን ነው የሚባለው ግን ብዙም አያሳምነኝም፤ ምክንያቱም የተሰበረውን ቅጂ ከኢንተርኔት የሚያወርደው ሰው መቆለፊያውን ከነጭራሹ አያየውም፣ በየዕለቱ የሚጋፈጠው ከፍሎ የገዛው ነው። የሳይንስ ልቦለድ አሳታሚ የሆነው ቶር እ.ኤ.አ. በ2012 ኤሌክትሮኒክ መጻሕፍቱን ያለ መቆለፊያ መሸጥ ጀምሮ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በሕገወጥ ስርጭት ላይ ይህ ነው የሚባል ጭማሪ እንዳላየ ራሱ አስታውቋል። የገዢውን መለያ በፋይሉ ውስጥ አስፍረው ያለ መቆለፊያ የሚሸጡም አሉ፤ እኔ በዚህ ቅር አይለኝም፣ የወረቀት መጽሐፌም ላይ ስሜን እጽፋለሁና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ኪንድል ከተባለው የገዢዎች ማንበቢያ መሣሪያ ላይ በርቀት ሰርዞ ገንዘባቸውን መለሰ፤ ምክንያቱም መጻሕፍቱን በመደብሩ ያስገባው አካል የአሜሪካ የማሳተም መብት አልነበረውም። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የመጻሕፍቱን መሰረዝ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ጉዳዩን ፍርድ ቤት ካደረሱት ሰዎች አንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መሆኑና ያቀረበውም አቤቱታ ነው። ለትምህርት ቤት ሥራው ሲል በመጽሐፉ ላይ የያዛቸው ማስታወሻዎች በመሣሪያው ላይ ቀርተውለታል፤ የሚያመለክቱት ጽሑፍ ግን ስለሌለ ምንም ሊያደርጉለት አልቻሉም። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጻሕፍቱን ከነማስታወሻቸው መልሶ ለመላክ ወይም 30 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ማይክሮሶፍት የመጻሕፍት መደብሩን ሲዘጋ ለገዢዎች ሙሉ ገንዘባቸውን መልሷል፤ በመጽሐፍ ላይ አስምረው ወይም ማስታወሻ ጽፈው ለነበሩት ደግሞ ተጨማሪ 25 ዶላር በአካውንታቸው አስገብቶላቸዋል።

ስለዚህ 25 ዶላር ደጋግሜ አስቤአለሁ። በአንድ በኩል ኩባንያው ከብዙዎቹ ተሽሎ ተገኝቷል፤ አንባቢው በመጽሐፉ ላይ የጨመረው ነገር ዋጋ እንዳለው በገንዘብ ቆጥሮ አምኗል። በሌላ በኩል ሦስት መስመር ያሰመረውም ሆነ ለመመረቂያ ጽሑፉ ስድስት መጻሕፍትን በማስታወሻ የሞላው ተማሪ እኩል ተተምነዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ካሳው ራሱ ነገሩን ስቶታል። መጽሐፉን ከሌላ መደብር እንደገና መግዛት እችላለሁ። ያንን ምዕራፍ ከዓመታት በፊት ሳነብ ያደረብኝን ጥርጣሬ፣ «ይህ በምዕራፍ 2 ከተባለው ጋር ይጋጫል» ብዬ አውቶቡስ እየነቀነቀኝ በአውራ ጣቴ የጻፍኩትን ቃል የሚሸጥልኝ መደብር ግን የለም። የመጽሐፉ ጽሑፍ የደራሲው ነው፣ የማሳተም መብቱም የአሳታሚው ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ኅዳጉ ላይ የተጻፈው ግን የእኔ ድርሰት ነው። አጭር ይሁን፣ ፊደሉም የተገደፈ ይሁን፣ ባለቤቱ እኔ ነኝ።

ይህ መብት በተግባር ምን እንደሚመስል የደረሰብኝን ልናገር። ከአንድ መተግበሪያ ወደ ሌላ ለመዛወር ወስኜ በአንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ ላይ የያዝኳቸውን ማስታወሻዎች በፋይል እንዲያወጣልኝ አዘዝኩት። ፋይሉ ወዲያው መጣ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ያሰመርኩባቸው ዐረፍተ ነገሮች በቢጫና በሰማያዊ ቀለማቸው፣ ከሥራቸውም የእኔ ቃል፣ ሁሉም በቦታው ነበር። ወደ ታች እየወረድኩ ስሄድ ግን ዐረፍተ ነገሮቹ በድንገት ቆሙና በየቦታቸው አሳታሚው የፈቀደው የቅጂ መጠን እንዳለቀ የሚገልጽ አንድ ዓይነት መስመር ይደጋገም ጀመር። የራሴ ማስታወሻዎች አልጠፉም፤ ነገር ግን «ልክ አይደለም»፣ «ምንጩ የታለ?»፣ «ለዚህ መልሱ ከታች አለ» እያሉ ባዶ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ለምን መልስ እንደሰጠሁና በምን እንደተናደድኩ ለማወቅ አሮጌውን መተግበሪያ ከፍቼ እያንዳንዱን ቦታ በእጄ መፈለግ ነበረብኝ። ይባስ ብሎ በፊደላችን የጻፍኳቸው ማስታወሻዎች ፋይሉ በተዘጋጀበት የጽሑፍ ኮድ ምክንያት የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆነው ወጡ። የግዕዝ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ነው፤ ስልኩም፣ መተግበሪያውም፣ መጽሐፉም ያውቁታል፤ ማስታወሻ የሚያወጣውን ክፍል የጻፈው ባለሙያ ብቻ ዘንግቶታል። ይህኛው ከክፋት ሳይሆን ከቸልተኝነት የመጣ መሆኑን እረዳለሁ፤ ከደንበኛው ወንበር ሲታይ ግን ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም።

አንዳንዶቻችሁ በዚህ ረገድ የምትሰጡት ምላሽ ነገሩ በቴክኒክ የሚከብድ ነው የሚል ነው። መነሻው እውነት ነው። በስልክ ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ቋሚ ገጽ የለውም፤ ፊደሉን ስናተልቀው ገጹ ይበዛል፣ ስልኩን ስናጋድመው መስመሩ ይለወጣል። ስለዚህ ማስታወሻን ገጽ 74 ብሎ ማሰር አይቻልም፤ እያንዳንዱ ኩባንያም የራሱን የቦታ ቁጥር ፈጥሮ የአንዱ ቁጥር ለሌላው ትርጉም የለሽ ሆኗል። ነገር ግን ይህ ችግር መፍትሔ ካገኘ ቆይቷል። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ሦስት ሲ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ለማስታወሻዎች የሚሆን ደረጃ አጽድቋል፤ በዚህ ደረጃ መሠረት ማስታወሻው የተሰመረበትን ቃል ከፊቱና ከኋላው ካሉ ጥቂት ቃላት ጋር ይይዛል፤ ሌላ መተግበሪያም እነዚያን ቃላት ፈልጎ ቦታውን ያገኘዋል። ኢፐብ የተባለው የመጽሐፍ ፎርማትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ያለ ሲሆን፣ የኋለኛው እትሙ በመጽሐፍ ውስጥ አንድን ነጥብ ለይቶ የሚጠቁም የራሱ አድራሻ አለው። መሣሪያው ተሠርቶ ተቀምጧል፤ የቀረው መጠቀም ነው።

አሳታሚዎች ሌላ ስጋት እንዳላቸውም አውቃለሁ፦ አንባቢው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አስምሮ እንደ ማስታወሻ አውጥቶ ቢያሰራጨውስ? ስጋቱን ባከብርም መድኃኒቱ ከበሽታው ይከብዳል። ረጅም አንቀጽ የተሰመረበት እንደሆነ የአንቀጹን የመጀመሪያ ስድስት ሰባት ቃላትና የመጨረሻዎቹን እንዲሁ ብቻ መስጠት ይቻላል፤ ይህ ማንም ሰብስቦ መጽሐፍ የማይሠራበት፣ ለማስታወሻው ግን በቂ መልሕቅ የሚሆን መጠን ነው። ዛሬ የሚሠራበት አሠራር ግን የተፈቀደው መጠን እስኪያልቅ ድረስ ሙሉውን ሰጥቶ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አለመስጠት ነው። ይህም መጽሐፉን በትጋት እስከ መጨረሻው ያነበበውን ሰው ከሁሉ አስበልጦ ይጎዳል፤ እናንተ ደግሞ ከሁሉ አብልጣችሁ ልትይዙት የሚገባችሁ እርሱን ነው።

መቆለፊያው በማስታወሻ ብቻ እንደማይቆም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሁለተኛው ኪንድል ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሆኖ ሲወጣ የአሜሪካ የደራስያን ማኅበር ተቃወመ፤ አማዞንም ድምፁን በየመጽሐፉ የማዘጋት ምርጫ ለባለመብቶች ሰጠ። በዚህ ምርጫ በዋናነት የተጎዱት ዓይነ ስውራን ናቸው። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓይነ ስውራን መጻሕፍትን በሚያነቡበት መልክ እንዲያገኙ የሚያግዘው የማራካሽ ስምምነት ተፈርሟል፤ የአውሮፓ ኅብረት የተደራሽነት ሕግም እ.ኤ.አ. ከሰኔ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትንና ማንበቢያዎቻቸውን በግዴታው ውስጥ አስገብቷል። ሕግ ያስገደደውን ማድረጋችሁ መልካም ነው፤ ሕግ ሳይመጣ ብታደርጉት ደግሞ የተሻለ ይሆን ነበር።

ስለ «ግዛ» ቁልፍም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ግዛት በሥራ ላይ የዋለ ሕግ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ለገዢው የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ከልክሏል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 በሰጠው ውሳኔ የተነበበ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍን እንደ አሮጌ የወረቀት መጽሐፍ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መልሶ መሸጥ እንደማይቻል አረጋግጧል። እንግዲህ መሸጥ ካልቻልኩ፣ ለጓደኛ ማዋስ ካልቻልኩ፣ ስሞትም አካውንቴ ከእኔ ጋር የሚያበቃ ከሆነ፣ ቢያንስ እኔ ራሴ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ማቆየት መቻል አለብኝ። መንገዱ ግን እየሰፋ አልሄደም። አማዞን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደንበኞች የገዙትን መጽሐፍ ከድረ ገጹ ወደ ኮምፒውተር አውርደው በኬብል ወደ ኪንድል የሚያሻግሩበትን አማራጭ አስቀርቷል። ኪንድልና መሰሎቹ የሚጠቀሙበት ኢ-ኢንክ የተባለው ስክሪን ኃይል የሚወስደው ገጹ በሚለወጥበት ቅጽበት ብቻ በመሆኑ ባትሪውን ብዙ አያደክምም፤ በጥንቃቄ የያዘው ሰው አንዱን መሣሪያ ለረጅም ዓመታት ሊያነብበት ይችላል። ገመድ አልባ ኔትወርኩ ያረጀበት እንዲህ ያለ መሣሪያ መጽሐፍ የሚቀበልበት በር ያ ኬብል ነበር።

ከዚህ በመነሣት የምጠይቀው ብዙ አይደለም። አሳታሚዎች መጻሕፍታችሁን ያለ መቆለፊያ እንዲሸጡ ለመደብሮች ፍቀዱ፤ ይህን ለማድረግ ያልደፈራችሁ እንደሆነ ደግሞ ቢያንስ በማስታወሻ ማውጫ ላይ የጣላችሁትን የቅጂ ጣሪያ ከላይ እንዳልኩት ባለ አሠራር ተኩት። የመተግበሪያ ሠሪዎች የአንባቢውን ማስታወሻ በጸደቀው ክፍት ደረጃ፣ በዩኒኮድ፣ ከነቀኑና ከነቦታው አውጥታችሁ ስጡ፤ ከሌላ መተግበሪያ የመጣውንም ተቀበሉ፤ ማውጣት ብቻ ፈቅዶ አለመቀበል ግማሽ ሥራ ነው። ሻጮች ደግሞ መደብራችሁ የሚዘጋበት ቀን ከመምጣቱ በፊት ያን ቀን መጻሕፍቱና ማስታወሻዎቹ የት እንደሚሄዱ ጽፋችሁ በሽያጭ ገጹ ላይ፣ ከዋጋው አጠገብ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ አስቀምጡ። ይህ የማይቻል አለመሆኑን ሶኒ አሳይቶናል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰሜን አሜሪካ የነበረውን የመጻሕፍት መደብር ሲዘጋ ደንበኞቹን ኮቦ ወደተባለው ሌላ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብር አዛውሯል።

ምላሻችሁ እስኪደርሰኝ ድረስ ከዚህ በኋላ የማደርገውን ላሳውቃችሁ። አንድን መጽሐፍ ያለ መቆለፊያ የሚሸጥ መደብር ካለ ዋጋው በመጠኑ ቢበልጥም የምገዛው ከእርሱ ነው። በአዲስ መተግበሪያ ላይ ደግሞ ማንበብ ስጀምር ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጥቂት መስመሮችን አስምሬ፣ ከሥራቸው በአማርኛ አንድ ሁለት ቃል ጽፌ፣ ፋይሉን አስወጥቼ አያለሁ። በትክክል ከወጣ ንባቤን እቀጥላለሁ፤ ካልወጣ ግን ገንዘቡ የሚመለስበት ጊዜ ሳያልፍ መጽሐፉን እመልሳለሁ፣ በምክንያት ማስፈሪያው ሣጥን ውስጥም ይህንኑ እጽፋለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አንድ አንባቢ